የማጣሪያው ጥያቄ

“ላይ ሰፈር የደረሰው ሰው ዕድለኛ ነው፤ እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ ራሱ ይገላግለዋል” አለ አስተባባሪው፣ አዳራሹም በሳቅ ተሞላ። የሾፌሩ ልጅም አብራ ሳቀች። ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ከሰው መሃል የተቀመጠ ሰው ጎረቤቱ ሲስቅ እንደሚስቀው ያለ ሳቅ ነበር፤ ላይ ሰፈር የተባለው የራሷ ሰፈር፣ ዛሬ የደረሳትም እሱ መሆኑ ትዝ ያላት ጥርሷ ከተገለጠ በኋላ ነው። አፏን ሰብሰብ አድርጋ የአንገት ባጇን ማስተካከል ጀመረች። አጠገቧ የተቀመጠው ልጅ አሁንም ትከሻው እየተነቃነቀ ነበር። ማንም ክፉ ሐሳብ አልነበረውም፤ ሁሉም የደከማቸው ሰዎች ናቸው፣ ዛሬ ደግሞ የሥራው የመጨረሻ ቀን ነው፣ ቶሎ ቤት መግባትን የማይወድ የለም። እሷን የከነከናት ይኸው ነበር። ክፉ ሰው ቢናገረው ኖሮ ትቀየመው ነበር፤ አሁን ግን የምትቀየመው ሰው አጣች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከተማው ውስጥ በየእግረኛ መንገዱ ላይ ተደርድረው የሚታዩትን የጋራ ስኩተሮች፣ ሕዝቡ ፌንጣ የሚላቸውን፣ ማን እንደሚነዳቸው፣ ማን እንደማይነዳቸውና ለምን እንደሆነ የሚያጠና መጠይቅ ነበር። አርባ ሁለት ሰፈር፣ ከየሰፈሩ ሃያ ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሰው ሠላሳ አራት ጥያቄ። ጥያቄዎቹ ሁሉ ታብሌት ውስጥ ናቸው። የመጀመሪያው ማጣሪያ ይባላል፤ “ኢንተርኔት የሚሠራ ዘመናዊ ስልክ አለዎት?” ይላል። ሰውዬው አለኝ ካለ ሁለተኛው ጥያቄ ይመጣል። የለኝም ካለ ታብሌቱ ላይ “ተሳታፊው መስፈርቱን አያሟላም፤ አመሰግናለሁ ይበሉ” የሚል ጽሑፍ ብቅ ይልና ራሱን ይዘጋል። የተጠየቀው ሰው ምልክት እንኳ ሳይተው ይጠፋል፤ እንዳልተጠየቀ ነው። ያለ ስልክ ፌንጣ አይከፈትም፣ ስለዚህ ስልክ የሌለውን ሰው መጠየቅ ጊዜ ማባከን ነው ተብለው ጠያቂዎቹ ሠልጥነዋል። በሥልጠናው ቀን ለሁሉም ትክክል መስሏቸው ነበር፤ ለእሷም ጭምር።

ስትወጣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የከተማው ካርታ ፊት ቆመች። የአውቶብስ መስመሮቹ በደማቅ ቀይ ተሰምረዋል። ዘጠኝ ቁጥር፣ ከሆስፒታሉ ተነስቶ ዳገቱን ተጠማዝዞ ላይ ሰፈር የሚደርሰው፣ በነጠብጣብ ነው የተሰመረው። አስተባባሪው በወረቀት ኩባያ ሻይ ይዞ ሲያልፍ ነጠብጣቡ ምን እንደሆነ ጠየቀችው።

“በጥናቱ የሚወሰን ማለት ነው” አላት ሻዩን እያማሰለ። “ስኩተር መሥራት የሚችልበት ቦታ ላይ ባዶውን የሚመላለስ አውቶብስ ምን ያደርጋል?”

ባዶውን አይመላለስም ልትለው ነበር። ነገር ግን ስልኩ ጮኸና ጆሮው ላይ ለጥፎ ሄደ።

ሰፈሩ ውስጥ በስሟ የሚጠራት የለም። አባቷ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ዘጠኝ ቁጥርን ስለነዳ፣ እሷም በልጅነቷ የሾፌሩ ልጅ ነበረች፣ ሥራ ስትይዝም የሾፌሩ ልጅ፣ አሁን ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኗትም ያው የሾፌሩ ልጅ ናት። በዘጠኝ ቁጥር ስትወጣ እንደ ሁልጊዜው መቀመጫ አላገኘችም። ከፊቷ የሆስፒታል የቀጠሮ ካርድ በላስቲክ ጠቅልለው የያዙ ሁለት ባልቴቶች ተቀምጠዋል፤ መተላለፊያው ላይ ባለ ጆንያ ሴት ጆንያዋን በጉልበቷ ደግፋ ቆማለች፤ ከኋላ በር አጠገብ አንድ ሰው የተሰበረ ወንበር ታቅፎ ይጓዛል። አውቶብሱ ዳገቱን በአንደኛ ማርሽ እያቃሰተ ሲወጣ ሁሉም ሰው ሳያውቀው ወደ ፊት ጎንበስ ይላል፣ እንደሚያግዘው። ከድልድዩ ማዶ፣ ፌንጣዎቹ የሚያልቁበት ቦታ ላይ፣ አንዱ ስኩተር በጎኑ ተጋድሞ የኋላ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይል ነበር። ካምፓኒው ከድልድዩ ወዲህ አልፈቀደም፤ ማሽኑ ድልድዩን ሲያልፍ ጉልበቱን ራሱ ያጠፋል። የነዳው ሰው እዚያው ጥሎት ቀሪውን በእግሩ ይወጣል።

መጀመሪያ የሄደችው ልብስ ሰፊው ዘንድ ነው። ሱቁ ከሲንጀሩና ከእሳቸው በቀር ሦስተኛ ነገር አያስገባም፤ ጠያቂው የሚቆመው ደጅ ነው። ቢጫ ሰደርያዋንና ታብሌቷን ሲያዩ እግራቸውን ከመርገጫው አነሱ። “ጠይቂኝ የኔ ልጅ፣ እኛን የሚጠይቅ መጣ እንዴ?” አሉና መነጽራቸውን አውልቀው ኮሌታቸውን አስተካከሉ፣ ፎቶ እንደሚነሳ ሰው። እሷም ጠየቀቻቸው። የለኝም አሉ። ታብሌቱ ተዘጋ።

“አመሰግናለሁ” አለች።

“አለቀ?”

“አለቀ፣ አባቴ።”

“እኔ እኮ ብዙ የምለው ነበረኝ” አሉ። መነጽራቸውን መልሰው ሰኩና ጨርቁን ከመርፌው ሥር አስገቡ፤ ቀና ብለው ግን አላዩዋትም።

እስከ ስድስት ሰዓት ሃያ ስምንት በር አንኳኳች። ከሃያ ስምንቱ ስልክ ያላቸው ሦስት ሆነው ተገኙ። አንዱ የመድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነው፤ አንዷ ተማሪ ናት፤ ሦስተኛዋ ሆቴል ክፍል የምታጸዳ ሴት ነበረች፣ ደጇ ላይ አንሶላ ስታሰጣ ያገኘቻት። ፌንጣ ትነዳለች። ላይ ሰፈር ውስጥ ከሷ በቀር የሚነዳ ያለ አይመስለኝም አለች፣ በእጇ አፏን ከልላ እየሳቀች። ለምን ይጠቀማሉ የሚለው አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ አራት ምርጫ አለው፤ ለመዝናናት፣ ጊዜ ለመቆጠብ፣ አካባቢን ላለመበከል፣ ሌላ። ሴትዮዋ አራቱንም አስነበበቻት። ከዚያ ዘጠኝ ቁጥር ማታ የሚያበቃው ሦስት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ እሷን ከሥራ የሚለቋት አራት ሰዓት ላይ እንደሆነ፣ ከሆቴሉ እስከ ድልድዩ ያለው መንገድ ሦስት ቦታ ላይ መብራት እንደሌለው ነገረቻት። የፌንጣ ዋጋ የአውቶብሱን አራት እጥፍ ነው። በእግሯ ስትሄድ የሚከተላት ሰው ነበር፤ በፌንጣ ከሆነ ግን አይደርስባትም። “ለመሮጥ ነው የምነዳው በይ” አለች። ከዚያም እጇን ከአፏ ላይ አነሳች። ባለፈው ወር ክዳኑ የተነሳ ቦይ ውስጥ ገብታ የፊት ጥርሷ ከግማሹ ተሰብሯል። በማግሥቱም ያንኑ ነድታ ነው የገባችው። ምን ታድርግ፣ ከእጅ አይሻል ዶማ።

ሌላ የሚለው ሳጥን ባዶ ቦታውን ጨምሮ ሠላሳ ፊደል ብቻ ይቀበላል። የሾፌሩ ልጅ “ማታ አውቶብስ የለም ጨለማ ያስፈራል ጥርሴ ተሰበረ” ብላ ጻፈች። ማሽኑ የመጨረሻዋን ፊደል አልቀበል ብሎ “ተሰበ” ላይ ቆመ። ሁለት ጊዜ ሞከረች። ሴትዮዋ አንገቷን አስግጋ ታይ ነበርና “ጥርሱን ተይው፣ እሱስ ተሰብሯል” አለቻት። ጥርሱን አጠፋችው።

ምሳ ሰዓት ላይ ቤት ገባች። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነው፤ የውስጠኛው የእሷ፣ የፊተኛው ደግሞ የአባቷ መኝታ፣ ሳሎንና የእንግዳ መቀበያ። አባቷ የግራ እግሩን በርጩማ ላይ ሰቅሎ፣ በተከፈተው በር መንገዱን ያያል። ስኳር በሽታው ከእግሩ ጣት ሥር ያወጣው ቁስል ዓመት ሊሞላው ነው፤ ማክሰኞና አርብ በዘጠኝ ቁጥር ሆስፒታል ወርዶ ያስጠርገዋል፣ ፋሻ ያስቀይራል። የሚነዱት ሁሉ ያሠለጠናቸው ልጆች ስለሆኑ ከፌርማታው ወዲህ፣ በሩ ላይ ነው የሚያነሱት። እንቁላል ጠብሳ ዳቦ ቆረሰችለት፤ አብረው በሉ። ስለ ነጠብጣቡ ልትነግረው ፈልጋ ሁለት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሁለቱንም ጊዜ ዳቦ ጎረሰችበት። እናቷ ከሞተች ወዲህ በዚህ ቤት ከባድ ነገር የሚነገረው ሌላ ነገር እየተሠራ ነው፤ ወይ ዕቃ ሲታጠብ፣ ወይ ሬዲዮ ሲጠገን። ፊት ለፊት ተቀምጦ መነጋገር ሁለቱም አልለመዱም።

“ስንት ሰው ጠየቅሽ?” አላት።

“ሦስት።”

“ከጠዋት ጀምሮ?”

ስለ ማጣሪያው ነገረችው። አስተባባሪው ያለውንና የአዳራሹን ሳቅ ግን አልነገረችውም፤ የራሷን ሳቅ ደግሞ ጨርሶ። አባቷ አፉን በእጁ ጠርጎ ሰማትና “ታዲያ እኔንም ጠይቂኝ” አለ። ቀልድ መሰላት፤ ፊቱን ስታየው ቀልድ አልነበረም። ታብሌቱን አወጣች። መጠይቁ እርስዎ ነው የሚለው፤ እርስዎ ብትለው ደግሞ ሁለቱም ሊስቁ ሆነ፣ ስለዚህ አንተ እያለች ጠየቀችው። ኢንተርኔት የሚሠራ ስልክ አለህ? አባቷ ከትራሱ ሥር ባለ ቁልፏን ትንሽ ስልክ፣ ወገቧ በላስቲክ የታሰረውን፣ አውጥቶ አሳያትና “የለኝም፣ ታውቂያለሽ” አለ። ጣቷ የለኝም ከሚለው ላይ ተንጠለጠለ። ልብስ ሰፊው መነጽራቸውን መልሰው ሲሰኩ ታያት። አለኝ የሚለውን ተጫነች፣ ሁለተኛው ጥያቄም መጣ።

አባቷ ዓይኑ ደህና ነው፤ አየ። “የለኝም አልኩሽ እኮ” አለ።

“አውቃለሁ አባዬ። እንዲያ ካላልኩ አያስቀጥለኝም። ካላስቀጠለኝ ደግሞ የምትለው ነገር ሁሉ የትም አይገባም።”

ስልኩን መልሶ ከትራሱ ሥር ከተተ። “እኔ ሃያ ስድስት ዓመት ስነዳ” አለ፣ “ያልተሳፈረ ሰው አሳፍሬያለሁ ብዬ አስመዝግቤ አላውቅም።” እንዲህ ካለ በኋላ ግን ጋቢውን ወደ ትከሻው ሰብስቦ ለሚቀጥለው ጥያቄ ተዘጋጀ። ከሥራ ከወጣ ወዲህ ስለ መንገድ የጠየቀው ሰው አልነበረም። ክረምት ላይ የቱ መታጠፊያ ጎርፍ እንደሚያመጣ፣ የቱ ቦታ ላይ የንጣፉ ድንጋይ እንደተነሳ፣ ሁለት ጎማ ያለው ነገር እዚያ ቢገባ ምን እንደሚሆን፣ ፌንጣ የሚነዳ ሰው ዕቃውን፣ ልጁን፣ የታመመ እናቱን በየት በኩል እንደሚያስቀምጣቸው ዘረዘረላት። እሷም ሠላሳ ሠላሳ ፊደል እየቆረጠች አስገባች። ሠላሳ ሦስተኛው ጥያቄ፣ አገልግሎቱ ወደ ሰፈርዎ ቢመጣ ለመሞከር ፈቃደኛ ነዎት የሚለው፣ አሳቀው። “ይምጣ፣ እንግዳ ከደጅ አይመለስም። አዎ በይ። አይ ብዬ ደግሞ ኋላ ቀር ልባል?” አለ። አዎ አለች።

ከዚያ በኋላ ያለው ከሰዓት፣ ነገሩ ሁሉ ካበቃ ወዲያ ስታስበው፣ በዚያ ሥራ ላይ ደስ ያላት ብቸኛው ጊዜ ነበር። ተመልሳ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሄደች፤ መነጽራቸውን እንደገና አወለቁ። አውቶብሱ ላይ ወንበር ታቅፎ የነበረውን ሰው ወንበሩን ሲጠግን አገኘችው። የቀጠሮ ካርድ የያዙትን ሁለቱን ባልቴቶች ቤታቸው ሄዳ አገኘቻቸው። ባለ ጆንያዋ ሴት እንኳ ጆንያዋን አውርዳ ላዩ ላይ ተቀመጠችና ሠላሳ አራቱንም መለሰች። ወሬው ሰፈሩን ሲያዳርስ ደግሞ ማንኳኳትም ቀረ፤ ሰዎቹ ራሳቸው የሾፌሩ ልጅ እየመዘገበች ነው እየተባባሉ መጡ። ለእያንዳንዳቸው አለኝ የሚለውን ተጫነች። በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ላይ ጣቷ ይከብድ ነበር፤ በኋላ ግን በር እንደሚከፍት ሰው ቀለል አላት። ውሸት መሆኑን ታውቃለች። ግን ውሸቱ አንድ ነው፣ እውነቱ ሠላሳ ሦስት፤ እንዲህ እያለች ሚዛን ላይ ታስቀምጠው ነበር። እነዚያ አዳራሽ ውስጥ የሳቁት ነገ ጠዋት ከላይ ሰፈር ሃያ ሰው ሲያዩ፣ ከሃያው አፍ ደግሞ ዳገቱንና ጎርፉን ሲያነቡ ምን እንደሚሉ አሰበች። ከባልቴቶቹ አንዷ፣ ስኩተር ቢመጣ ይሞክራሉ ወይ ስትባል፣ “ቢመጣማ ማን ይጠላል ልጄ፣ እኔ ባልሆን የልጅ ልጄ ይነዳዋል” ብላ መረቀቻት። ብዙዎቹ እንዲሁ ነው ያሉት። ደጃቸው ድረስ መጥቶ ለጠየቃቸው ሰው እንቢ ማለት ነውር መሰላቸው።

ቢሮ የተመለሰችው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነው። አዳራሹ ባዶ ሆኖ ወንበሮቹ ተደራርበው ነበር፤ ሌሎቹ ቀድመው አስረክበው ሄደዋል። አስተባባሪው ብቻውን ትልቁ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጧል፤ ሸሚዙ ከወገቡ ወጥቶ፣ ዓይኑ ቀልቶ። የላከችው ሁሉ ከእሷ ቀድሞ በኢንተርኔት ገብቶ ነበርና ገና በሩን ስትከፍት ተነስቶ እጇን ጨበጣት። “አንቺ ነሽ አይደል ላይ ሰፈር? ከሃያ ሃያ። እኔ አራት፣ አምስት ታመጪያለሽ ብዬ ነበር” አለ። አፍሮ ዓይኑን ሰበር አደረገ፤ “ጠዋት እንደዚያ ስል ደግሞ ከዚያ መሆንሽን አላወቅኩም፤ አሁን ፎርምሽ ላይ አድራሻሽን አየሁት። ይቅርታ።” እሷም ምንም አይደል አለች። እውነትም በዚያ ሰዓት ምንም አልነበረም፤ ደረቷ ሞቅ ብሎ ነበር።

ኮምፒውተሩን ወደ እሷ አዞረላት። አርባ ሁለት ሰፈር በሠንጠረዥ ተደርድሯል፤ አንዳንዱ በአረንጓዴ፣ አንዳንዱ በግራጫ። ላይ ሰፈር አረንጓዴ ነው።

“አረንጓዴው ምን ማለት ነው?” አለች።

“ዝግጁ ማለት ነው። ዘመናዊ ስልክ ያለው ሃያ ሰው ከሞላና ግማሹ ለመሞከር ፈቃደኛ ከሆነ ካምፓኒው ድልድዩን ተሻግሮ ይገባል፣ አውቶብሱ ይቀራል። የናንተማ ሃያውም ስልክ አላቸው፤ አሥራ አራቱ ፈቃደኛ።” በጣቱ ግራጫዎቹን ነካ ነካ አደረገ። “እነዚህ ሃያ ሰው ያልሞላላቸው ናቸው። መረጃ የለም ተብሎ ለሚቀጥለው ጥናት ይተላለፋሉ፤ አውቶብሳቸውም እስከዚያ ባለበት ይሠራል።”

ግራጫዎቹን ቆጠረች። አሥራ አንድ ነበሩ።  ጠዋት ከአዳራሹ ተናዳ ባትወጣ፣ ሦስቱን ብቻ ይዛ ብትመለስ፣ ላይ ሰፈር አሥራ ሁለተኛው ግራጫ ይሆን ነበር።

“የጻፍኩትስ?” አለች። “ሌላ የሚለው ላይ የጻፍኩት። ጎርፉ፣ ድንጋዩ፣ ሆስፒታሉ።”

“ሌላ በሠንጠረዡ ላይ አይወጣም” አለ፣ እንደማዘን ብሎ። “ሌላ ነው እኮ። ዝርዝሩ አባሪ ውስጥ ይቀመጣል፣ ለሚፈልግ።”

“ስልክ የላቸውም” አለች።

“እነማን?”

“ሰዎቹ። አሥራ ሰባቱ። የለንም ነው ያሉኝ፤ እንዲናገሩ ብዬ አላቸው ያልኩት እኔ ነኝ።”

አስተባባሪው ሄዶ በሩን ዘጋ፤ ተመልሶ ተቀመጠ፤ ዓይኑን በሁለት መዳፉ አሸ። ሪፖርቱ ነገ ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ለምክር ቤቱ እንደሚቀርብ፣ አንዱ ሰፈር ሐሰት ነው ከተባለ አርባ አንዱም ማን አጣራው ተብሎ እንደሚጠየቅ፣ ስምንት ወር የለፉበት ሥራ በአንድ ቀን እንደሚጣል ነገራት። ድምፁ የሚቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። “ሐሰተኛ መረጃ ማስገባት ደግሞ ምን እንደሚያስከትል የፈረምሽው ውል ላይ አለ። እኔ አላነሳብሽም” አለ። “አንቺም ይህንን ለኔ አልነገርሽኝም። እኔም አልሰማሁም። ታብሌቱን እዚያ ላይ አስቀምጪው።”

“ያጥፉት” አለች። “ሃያውንም ያጥፉት። አልሠራችም ይበሉ፣ ተኝታ ዋለች ይበሉ።”

“ከተላከ በኋላ እኔም አላጠፋውም፤ የሚያጠፋው ከላይ ነው፣ ምክንያትም ይጠይቃል” አለና ሳጥኑን ከፍቶ የመረከቢያ ወረቀት አወጣላት። የታብሌቱን ቁጥር ጻፈ፣ ቻርጀሩን ጻፈ፣ ሰደርያውን ጻፈ። ፈረመች።  በር ላይ ስትደርስ ከኋላዋ፣ በዝግታ፣ “ለጥሩ ብለሽ ነው፣ ይገባኛል” አላት። ባይላት ይሻል ነበር።

አባቷ መብራት አብርቶ ጠበቃት። ጀምበር ገና እየገባች ነበር፤ የፊተኛው ክፍል ግን መስኮት ስለሌለው ቀድሞ ይጨልማል። ዕቃ የሚታጠብ አልነበረም፣ ሬዲዮውም ደህና ነበር። ፊት ለፊቱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና ከጠዋቱ ሳቅ ጀምራ ነገረችው፤ የራሷንም ሳቅ፣ ነጠብጣቡንም፣ አረንጓዴውንም። አባቷ አላቋረጣትም። ስትጨርስም አልገሠጻትም፤ ምሳ ሰዓት ላይ ያለውን መልሶ አላነሳባትም። እሷ ግን እንዲያነሳው ፈልጋ ነበር። የተሰቀለውን እግሩን ከበርጩማው አወረደና “መቼ ነው የሚያቆሙት?” አለ።

“ከዚህ ወር በኋላ ይመስለኛል።”

“ከትራሱ አጠገብ ያለውን ምርኩዝ አቀብይኝ።”

የት ልትሄድ ነው አለችው። ጫማውን፣ የግራው ፊቱ ለፋሻው ተብሎ የተቀደደውን፣ እያጠለቀ ነበር። “ማክሰኞና አርብ ማለት ለኔ ሕይወት ነው” አለ። “በእግር ስንት እንደሚፈጅ አላውቅም። ሃያ ስድስት ዓመት ወጥቼ ወርጄበት በእግሬ ሄጄበት አላውቅም።” ልትከለክለው አሰበች፤ ግን በየትኛው አፏ። በሩን ዘግታ በግራው በኩል ሆነች።

ወረዱ። እሱ ምርኩዙን ቀድሞ ይተክላል፣ ከዚያ ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን እንደ ተኛ ሕፃን ቀስ አድርጎ ያሳርፋል። ልብስ ሰፊው ሱቃቸውን እየዘጉ ነበርና “ወዴት ነው በዚህ ሰዓት?” አሏቸው፤ አባቷ “ሽርሽር” አለ። ባልቴቷ ከደጇ ሆና እጇን አውለበለበችላት፣ የዛሬው ምዝገባ ደስታ ገና ከፊቷ አልጠፋም፤ የሾፌሩ ልጅም እጇን አነሳች። ትንሽ እንደሄዱ ዘጠኝ ቁጥር ከላይ መጣ። የሚነዳው ልጅ ሽማግሌውን ሲያይ ፌርማታ ባልሆነበት ቦታ ቆመ፣ በሩንም ከፈተ። “ጋሼ፣ ምነው በእግር? ይግቡ እንጂ” አለ። የተሳፈሩት ሁሉ በመስኮት አዩአቸው። አባቷ በምርኩዙ ወደ ፊት አመለከተው፤ “ሂድ ልጄ፣ ሰው አታስጠብቅ።” ልጁ ጥቂት አመነታና በሩን ዘግቶ ሄደ። ጢሱ እስኪበተን ድረስ አባቷ ቆሞ ከኋላው አየው።

የመጀመሪያው ፌርማታ ላይ ሲደርሱ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ትንፋሹ እስኪመለስ አፉን ከፍቶ ቆየ። ፋሻው ከጫማው ቅድ ወጥቶ ጫፉ አፈር ነክቷል፣ ከጣቱ ሥር ደግሞ ረጥቧል። በምሽቱ ብርሃን ቀለሙ አይለይም ነበር፤ እሷም ለመለየት አልፈለገችም። ተንበረከከችና ጫፉን ይዛ እንደገና ትጠቀልለው ጀመር።

“ስንት ፈጀብን?” አላት ከላይ።

“ሃያ ሦስት ደቂቃ።”

“ሆስፒታሉ ጋ ለመድረስ ደግሞ ስምንት ፌርማታ ይቀራል።” በጣቶቹ እየቆጠረ አሰላ። “ጻፊው” አለ።

“ምን ላይ፣ አባዬ?”

አባቷ ምርኩዙን መሬት ላይ ተከለ፣ ሌላ እጁን ትከሻዋ ላይ ጣለና ተነሳ፤ ክብደቱ ሁሉ መጣባት። ፊቱን ወደ መጡበት ዳገት አዞረ።

“እንግዲህ መመለሻውን ደግሞ እንየው” አለ።